ሶሻሊዝም ሞራል የለውም ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይሄን አንብበህ ዝም ትላለህ?» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ስለ ሶሻሊስት ፍልስፍና ነው፤ ከሳይንስ፣ ከሃይማኖትና ከሥነ ምግባር ጋር ስላለው ዝምድና። አነበብኩት፣ ደገምኩት። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ተጽፏል። የጸሐፊው ብዕር ይፈሳል፤ ነገር ማሳመር ያውቁበታል። ያማረ ሁሉ እውነት አይደለምና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልንገረው። ጸሐፊው የሚሉት አምስት ነገር ነው። ሶሻሊዝም ራሱን ሳይንስ ብሎ ሰየመ፣ ሥልጣን ሲይዝ ግን እውነተኛውን ሳይንስ ገደለ፤ ማስረጃው የሶቪየቱ ሊሴንኮ ነው። ማርክስ የሳይንስ ክብር ስለጠማው ዋና መጽሐፉን «ካፒታል»ን ለዳርዊን መታሰቢያ ላድርገው ብሎ ለምኖ ተከለከለ። ሶሻሊዝም በተፈጥሮው የሃይማኖት ጠላት ነው፤ «ሃይማኖት ኦፒየም ነው» ያለው ማን ሆነና። ያም ሆኖ ራሱ ሃይማኖት ነው፤ ነቢይ አለው፣ መጽሐፍ አለው፣ ገነት አለው። በመጨረሻም ሞራል የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፣ ግቡ መንገዱን ያጸድቃል ባይ ነው። መዝጊያቸው ላይ ደግሞ ፈተና ጥለዋል፦ ማርክስ አንድ ሰው ስለተበደለ ብቻ የተቆጣበትን አንድ ገጽ አሳዩኝ ይላሉ። እሷን መጨረሻ ላይ አመጣታለሁ።

የማርክሲዝም ጠበቃ አይደለሁም፤ ከአምስቱ በሁለቱ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ከዳርዊን ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። ይህ ወሬ በትልልቅ ምሁራን መጻሕፍት ሳይቀር ሲዞር ስለኖረ ጸሐፊውን ብዙ አልወቅስም። ነገሩ ወዲህ ነው። ማርክስ በ1873 የ«ካፒታል»ን ሁለተኛ የጀርመንኛ እትም ለዳርዊን ልኮለት ነበር። ዳርዊንም በጨዋ ደንብ አመሰገነ፤ ስለ ፖለቲካል ኢኮኖሚ የማውቀው ጥቂት ነው፣ ግን ሁለታችንም የዕውቀት መስፋፋትን እንሻለን አለው። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ገጾቹ ጠርዝ ለጠርዝ እንደተያያዙ ነበር የሚመጣው፤ አንባቢው በቢላ እየቆረጠ ያነባል። ዳርዊን ከ822 ገጾች የቆረጠው 105 ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ቢላው አረፈ።

ታዲያ የመታሰቢያው ልመና ከየት መጣ? በ1880 ዳርዊን የጻፈው አንድ ደብዳቤ አለ፤ መጽሐፉ ለእኔ መታሰቢያ ባይሆን እመርጣለሁ የሚል። ከማርክስ ወረቀቶች መሃል ተገኘ። የተቀባዩ ስም አልነበረበትም። ከማርክስ ወረቀት መሃል ከተገኘ ለማርክስ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው ተባለ፣ ወሬው ጸና። በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ሲያጣሩት ግን ደብዳቤው የተጻፈው ለኤድዋርድ አቬሊንግ ነው። አቬሊንግ ከማርክስ ልጅ ከኤሊኖር ጋር ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ የእሱና የአባቷ ወረቀት አንድ ላይ ተቀላቀለ። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። እኔን የሚገርመኝ ዳርዊን እምቢ ያለበት ምክንያት ነው። ሃይማኖትን ፊት ለፊት መዋጋት ሕዝብ ላይ ይህ ነው የሚባል ውጤት የለውም፣ የሰው አእምሮ ነጻ የሚወጣው ሳይንስ ቀስ በቀስ ሲያበራለት ነው አለ፤ ቤተሰቤንም ሊያሳዝን ይችላል ሲል ጨመረ። ይህን አቋም ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ «ሳይንስ» እንሂድ። ጸሐፊው ሶሻሊዝም ራሱን ሳይንስ ብሎ ሰየመ ሲሉ ትክክል ናቸው። ሰይሟል። የማርክስ የትግል ጓድ ኤንግልስ በ1880 ያሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ርዕሷ ሳይቀር ይህንኑ ያውጃል። ግን በጀርመንኛ «ቪሰንሻፍት» የሚለው ቃል እኛ ዛሬ ሳይንስ ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ነጭ ገዋንና ብልቃጥ አይደለም። ታሪክ ቪሰንሻፍት ነው። ሕግ ቪሰንሻፍት ነው። ነገረ መለኮት እንኳ ቪሰንሻፍት ነው። ሥርዓት ይዞ የተጠና ዕውቀት ማለት ነው። ቃሉ ድንበር ሲሻገር ከራሱ የሚበልጥ ካባ ለበሰ።

ካባውን ያለበሱት ተርጓሚዎች ብቻ ናቸው እንዳልል ግን ኤንግልስ አለ። በ1883 ማርክስ ሲቀበር መቃብሩ ላይ ቆሞ፣ ዳርዊን የሕያው ተፈጥሮን የዕድገት ሕግ እንዳገኘ ማርክስም የሰውን ታሪክ የዕድገት ሕግ አገኘ ብሎ ተናገረ። የለቅሶ ንግግር ነው፤ ለቅሶ ላይ የሚባለው ሁሉ አይመዘንም ማለት ይቻላል። ተከታዮቹ ግን መዘኑት፣ አነገቡት። «የታሪክ ሕግ» የምትለዋን ሐረግ ልብ በሉልኝ። የዚህ ሁሉ ጣጣ ሥር እሷ ናት።

ጸሐፊው የሳይንስ ፈላስፋውን ካርል ፖፐርንም ጠርተዋል፤ ማርክሲዝም ሊፈተን ስለማይችል ሳይንስ አይደለም ብሏል ይላሉ። ፖፐር እንዲያ አላለም፣ ወይም እንዲያ ብቻ አላለም። የማርክስ ንድፈ ሐሳብ መጀመሪያ ላይ ሊፈተን የሚችል ትንቢት ነበረው፤ ተፈተነ፣ ወደቀ፤ ተከታዮቹ መውደቁን ከመቀበል ይልቅ ትርጉሙን እያጣመሙ አዳኑት፣ ሳይንስነቱን ያጣው በዚህ ነው ያለው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሊፈተን የማይችል ነገር ከመነሻው ባዶ ነው። ተፈትኖ ወድቆ «አልወደቅኩም» የሚል ግን ችግሩ ከሰዎቹ ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ ሌላም ምርጫ ነበራቸው።

ሊሴንኮ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጸሐፊው በሦስት መስመር ያለፉት ነገር ሦስት መስመር የሚበቃው አይደለም። ትሮፊም ሊሴንኮ የሶቪየት ኅብረት የግብርና ባለሙያ ነበር፤ የዘር ውርስ ሳይንስን፣ ጄኔቲክስን፣ የከበርቴ ፈጠራ ነው ብሎ የተነሳ። በነሐሴ 1948 በግብርና አካዳሚው ስብሰባ መዝጊያ ላይ መድረክ ወጥቶ፣ የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ሪፖርቴን መርምሮ አጽድቆታል አለ። አለቀ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ላቦራቶሪ ተዘጋ፣ መምህር ከሥራ ተባረረ፣ መጽሐፍ ተሰበሰበ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አለ። ዓለምን ዞሮ የእህልና የአዝርዕት ዘር የሰበሰበ፣ በሌኒንግራድ በዘመኑ ወደር ያልነበረውን የዘር ክምችት ያቋቋመ ሰው። ረሃብን ከምድር ላይ አጠፋለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ነው። በ1940 ታሰረ። በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። በዚያው ሰሞን ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር፤ ባልደረቦቹም የዘር ክምችቱን እየጠበቁ ነበር። ሩዝ ነበራቸው። ኦቾሎኒ ነበራቸው። ድንችም፣ አጃም ነበራቸው። አልነኩትም። የሩዙ ባለሙያ ሺህ በሚቆጠር የሩዝ ዘር ፓኬት መሃል በረሃብ ሞተ። ሰብሳቢው በእስር ቤት፣ ጠባቂዎቹ በመጋዘኑ። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር «ሳይንስና ሥነ ምግባር» የሚለው ርዕስ መጽሐፍ መጽሐፍ መሽተቱን ይተዋል።

ስለዚህ ጸሐፊው ወንጀሉን ሲያነሱ ልክ ናቸው። ልክ ያልሆኑት ምክንያቱ ላይ ነው። ሳይንስን የገደለው ሶሻሊስት ፍልስፍና ነው ይላሉ። እንግዲህ ይሄን ስሙኝ። ሊሴንኮ ለዚያ ለ1948ቱ ስብሰባ ያዘጋጀውን ንግግር ስታሊን ራሱ በእርሳስ አርሞታል። ሊሴንኮ ማንኛውም ሳይንስ የመደብ ነው ብሎ የጻፈበት ቦታ ላይ ስታሊን ጠርዙ ላይ «ሃ ሃ ሃ! ሒሳብስ? ዳርዊኒዝምስ?» ብሎ ጽፏል። ሳቀ። የሳቀበትን ሰው ግን ደገፈው። ሳይንስ የመደብ ነው የሚለውን ፍልስፍና አላመነበትም፤ ያመነው በሊሴንኮ ነው፣ ምርት በቶሎ አመጣለሁ ባለው ሰው።

ከወዲያኛው ወገን ደግሞ ኸርማን ሙለር አለ። አሜሪካዊ ነው፣ በ1946 ኖቤል የተሸለመ የጄኔቲክስ ሊቅ። ሶሻሊስትም ነበር፤ ያመነበትን ብሎ በ1933 ሶቪየት ኅብረት ገብቶ እስከ 1937 ሠርቷል። በ1936 መጨረሻ ሞስኮ ላይ፣ መናገር አንገት በሚያስቆርጥበት ወቅት፣ ሊሴንኮን መድረክ ላይ ወጥቶ ተከራከረው። በ1948 ደግሞ የሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ አባልነቱን በፈቃዱ ትቶ ወጣ። ሶሻሊዝም በባህርዩ ሳይንስን የሚገድል ከሆነ ሙለርን ምን እንበለው? ገዳዩ ኮሚቴ እውነትን በድምፅ ብልጫ ሊያጸድቅ የሚችልበት ሥርዓት ነው። በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ1 በሆነ ድምፅ አንዲትን ሴት ያለፈቃዷ ማምከን ይቻላል ብሎ ሲፈርድ፣ በዚያ ዘመን ሳይንስ ይባል የነበረውን የዘር ማሻሻል ትምህርት ይዞ ነው። እዚያ ሶሻሊዝም አልነበረም። «እነሱም አድርገዋል» ማለት መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በሽታውን በትክክል ለመሰየም ግን ሌላውን በሽተኛም ማየት ያስፈልጋል።

የሶሻሊዝም እውነተኛ ቀዳዳ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጸሐፊው አጠገቡ ደርሰው አልፈውታል፤ ያገኙት ሶሻሊስቶቹ ራሳቸው ናቸው። ጀርመናዊው ሶሻሊስት ኤድዋርድ በርንስታይን በ1901 በርሊን ላይ ለተማሪዎች ንግግር አደረገ። ጥያቄው «ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም እንዴት ይቻላል?» የሚል ነበር። ሶሻሊዝም መሆን ያለበትን ዓለም መሻት ነው፤ መሻት ደግሞ ፈቃድ እንጂ ሳይንስ አይደለም፤ ሳይንስን ሊጠቀምበት ይችላል፣ ሳይንስ ሊሆን ግን አይችልም አለ። ጓዶቹ ተቆጡ፣ ከሃዲ ተባለ። እንግዲህ ከማርክሲስቶቹ ወገን የነበረው ሩዶልፍ ሂልፈርዲንግ በ1910 ምን ጻፈ? የሶሻሊዝምን አይቀሬነት መገንዘብ አንድ ነገር ነው፣ ራስን ለዚያ አይቀሬነት አገልጋይ ማድረግ ሌላ ነገር፤ አንድ ሰው ሶሻሊዝም እንደሚያሸንፍ እያወቀ ሊዋጋው ይችላል አለ። ካባው የተቀደደው እዚህ ላይ ነው። ሐኪም «ይሄን ካልተውክ አምስት ዓመት አትቆይም» ሲልህ ዕውቀት ነው። «መኖር ይሻልሃል» ሲልህ ግን ከማይክሮስኮፕ ያገኘው አይደለም። ማርክስ ብዝበዛ እንዴት እንደሚሠራ፣ ትርፍ እሴት ከየት እንደሚመነጭ ሲያስረዳ ልክ ነው ወይም ስህተት ነው ተብሎ ሊመረመር ይችላል። ብዝበዛ ይቁም የሚለው ግን ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ከየት እንደመጣ መናገር አፈረ። ይህ ነው የእኔ ክስ፤ ከጸሐፊው ክስ የሚለየውም በዚህ ነው። እሳቸው ሞራል የለውም ይላሉ፤ እኔ ነበረው፣ ደበቀው እላለሁ።

ወደ ሃይማኖት። «ኦፒየም» የሚለውን ቃል የማይጠቅስ ጽሑፍ የለም፤ ከሱ በፊት ያለውን ዓረፍተ ነገር የሚጠቅስ ደግሞ የለም። በ1844 የታተመው ጽሑፍ ላይ ማርክስ መጀመሪያ የሚለው፣ ሃይማኖታዊ ሥቃይ የእውነተኛ ሥቃይ መግለጫ፣ በእውነተኛ ሥቃይም ላይ የሚነሣ ተቃውሞ ነው። ከዚያ ይቀጥላል፦ ሃይማኖት የተጨቆነ ፍጡር ሲቃ ነው፣ ልብ የሌለው ዓለም ልብ ነው፣ ነፍስ የራቀው ሁኔታ ነፍስ ነው፤ የሕዝብ ኦፒየም ነው። በዚያ ዘመን ኦፒየም በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጥ የሕመም ማስታገሻ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ እናቶች ለሚያለቅስ ሕፃን ሳይቀር ይሰጡት ነበር። ሱስ እንደሚያሲዝም ይታወቃል። ማርክስ ሁለቱንም ማለቱ ነው። ደግሞ «የሕዝብ ኦፒየም» እንጂ «ለሕዝብ የሚታደል ኦፒየም» አላለም። ቄሱ ለድሃው አጠጣው ማለትና ድሃው ሕመሙ ስለጠናበት ያዘው ማለት በጣም ይለያያል። ማርክስ አማኝ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ሕመሙ ሲድን ማስታገሻው ይቀራል ብሎ ያምን ነበር። በዚህ ተሳስቷል ብዬ አስባለሁ፤ ሰው የሚያምነው ስላመመው ብቻ አይደለም። ስህተትና ጥላቻ ግን አንድ አይደሉም።

ጸሐፊው «በተፈጥሮው ጠላት» ላሉት ኤንግልስ ራሱ ይመልስላቸው። በ1874 እግዚአብሔርን በአዋጅ እናግድ ባሉ ስደተኛ አብዮተኞች ላይ ሲያሾፍ፣ ዛሬ ለእግዚአብሔር ሊደረግለት የሚችለው ብቸኛ ውለታ ኢ-አማኝነትን የግዴታ ሃይማኖት ማድረግ ነው አለ። ማሳደድ የማይፈለግ እምነትን የሚያጠነክር ፍቱን ዘዴ ነው። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ የዳርዊን አቋም ትዝ ይበላችሁ፤ ሁለቱም በዱላ ከእምነቱ የተመለሰ ሰው የለም ነው የሚሉት።

ግን ሐቁን አልሸሽም። ሌኒን በ1905 በምድር ላይ ገነት ለመፍጠር የሚደረገው የተጨቋኞች ትግል አንድነት በሰማይ ስላለው ገነት ከመስማማት ይበልጥብናል ብሎ ጻፈ፤ ለዚህም ኢ-አማኝነትን በፓርቲያችን ፕሮግራም አናስገባም አለ። ያው ሌኒን በ1922 በረሃቡ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሲወረስ በጻፈው ምስጢራዊ ደብዳቤ የምንረሽናቸው ቀሳውስት ቁጥር በበዛ ቁጥር የተሻለ ነው ይላል። 17 ዓመት ነው በመሃል ያለው። በታኅሣሥ 1931 የሞስኮው ታላቁ የመድኃኔዓለም ካቴድራል በፈንጂ ፈረሰ። አልባኒያ በ1967 ራሷን ኢ-አማኝ መንግሥት ብላ አወጀች። እነዚህን ለማስተባበል የሚሞክር ሰው ካለ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም። ኤንግልስ ያሾፈበትን ነገር የኤንግልስን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅለው አደረጉት።

«በተፈጥሮው» ከተባለ ግን የቀረውን ዓለም ምን እናድርገው? ካርል ባርት የሚባለው ትልቁ የፕሮቴስታንት ነገረ መለኮት ሊቅ ስዊዘርላንድ ውስጥ የአንዲት የሠራተኞች መንደር ፓስተር ሳለ በ1915 የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ አባል ሆነ፤ ቀዩ ፓስተር ይሉት ነበር። የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶች በ1959 ባጸደቁት ፕሮግራም ዴሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም ሥሩ በክርስትና ሥነ ምግባር፣ በሰብአዊነትና በጥንቱ ፍልስፍና ውስጥ ነው ብለው አሰፈሩ። በላቲን አሜሪካ ጉስታቮ ጉቴሬዝ የተባለ የፔሩ ካህን በ1971 የነጻነት ነገረ መለኮትን በመጽሐፍ አወጣ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ላይም ያመኑት ሁሉ መሬትና ቤታቸውን እየሸጡ ዋጋውን በሐዋርያት እግር ሥር ያስቀምጡ፣ ለእያንዳንዱም እንደሚያስፈልገው መጠን ይከፈል እንደነበር ተጽፏል። በኋላ ማርክስ «ለእያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ» ሲል ቃሉ አዲስ አልነበረም።

እኔ በጣም የምወደው ግን ታን ማላካን ነው። ኢንዶኔዥያዊ ኮሚኒስት፣ ሙስሊም። በ1922 ሞስኮ በተደረገው የኮሚንተርን (የዓለም ኮሚኒስት ፓርቲዎች ኅብረት) 4ኛ ጉባኤ ተነስቶ፣ አገሬ ውስጥ በሕዝብ ስብሰባ ላይ «ሙስሊም ነህ ወይ? በፈጣሪ ታምናለህ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል አለ። የመለሰላቸውንም ለጉባኤው ነገረ፦ «አዎ፣ በፈጣሪ ፊት ስቆም ሙስሊም ነኝ። በሰዎች ፊት ስቆም ግን ሙስሊም አይደለሁም፤ በሰዎች መሃል ብዙ ሰይጣናት አሉ ብሎ ፈጣሪ ነግሮናልና።» ንድፈ ሐሳብ ላይ ዓመት ሙሉ የሚከራከሩትን ሰዎች በሁለት ዓረፍተ ነገር አለፋቸው።

«ራሱ ሃይማኖት ነው» የሚለውን በፍጥነት ላልፈው ነው። ነቢይ፣ መጽሐፍ፣ ገነት ብሎ መመሳሰል መቁጠር ለቀልድ ይጥማል፤ በዚህ መለኪያ የእግር ኳስ ቡድንም ሃይማኖት ነው፣ ዳኛውን ይረግማሉ እንጂ። ግን ሌኒን በ1924 ሲሞት ሬሳውን አድርቀው ለሳላሚ አስቀመጡት፤ ባለቤቱ ክሩፕስካያ ሐውልት አትሥሩለት፣ በምትኩ መዋዕለ ሕፃናትና ትምህርት ቤት ሥሩ ብላ በአደባባይ ለምና ነበር። አልሰሟትም። ስለዚህ ጸሐፊው እዚህ ላይ ቢስቁብን ተገቢ ነው።

አሁን ዋናው። «ግቡ መንገዱን ያጸድቃል»። ሌኒን በ1920 ለወጣቶች ባደረገው ንግግር ሞራላችን ሙሉ በሙሉ ለወዛደሩ የመደብ ትግል ጥቅም የተገዛ ነው ብሏል። ጸሐፊው ጠቅሰውታል፣ በትክክል ጠቅሰውታል። ያልጠቀሱት ከዚያ በኋላ የመጣውን ክርክር ነው። ለእኔ በዚህ ርዕስ ላይ ከተደረጉት ክርክሮች ሁሉ የበለጠው እሱ ነው።

በ1937 ጆን ዴዊ፣ የአሜሪካው ፈላስፋ፣ በ77 ዓመቱ ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ፣ በሞስኮ በትሮትስኪ፣ ስታሊን ባሳደደው የሩሲያ አብዮት መሪ፣ ላይ የተፈበረኩትን ክሶች የመረመረውን ኮሚሽን መርቷል። ትሮትስኪ ነጻ ነው ተባለ። በዓመቱ ትሮትስኪ ስለ ሞራል አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሲጽፈው ልጁ ፓሪስ ውስጥ በሞት አፋፍ ላይ ነበር፤ አባት አያውቅም። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ መንገድ የሚጸድቀው በግቡ ብቻ ነው፤ ግቡ ግን ራሱ መጽደቅ አለበት፤ የተፈቀደው መንገድ ሁሉም ሳይሆን የእውነት ወደ ሰው ልጅ ነጻነት የሚያደርሰው ነው። ልብ በሉ፣ «ምንም ይሁን» አላለም። ጸሐፊው ሶሻሊዝም ላይ የለጠፉት ቃል ከዚህ የሻከረ ነው።

ነጻ ያወጣው ሽማግሌ ደግሞ መለሰለት። መለሰለት ስል ደግሞ እንደ ጠላት አይደለም። ዴዊ በመርሁ እስማማለሁ አለ፤ መንገድ በውጤቱ ይመዘን፣ ጥሩ። ግን እንግዲያ እያንዳንዱን መንገድ ያለ ቀድሞ ፍርድ መርምር፣ ምን ያስከትላል ብለህ ጠይቅ፣ ያየኸውን ተቀበል። አንተ ግን እንዲያ አላደረግክም። የመደብ ትግል ብቸኛው መንገድ መሆኑን ከውጤት አላገኘኸውም፤ ከታሪክ ሕግ ቀዳኸው። መርምረህ ሳይሆን አምነህ ነው የጀመርከው።

ያቺ «የታሪክ ሕግ» ተመልሳ መጣች። የሊሴንኮን ንግግር ያጸደቀው ኮሚቴ፣ ካቴድራሉን ያፈረሰው ፈንጂ፣ የትሮትስኪ መንገድ፣ ሁሉም የሚጀምሩት መድረሻውን ቀድመን እናውቃለን ከሚል ነው። መድረሻው ከታወቀ መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚፈትሽ ሰው ደግሞ አደናቃፊ ነው። ዴዊ ትሮትስኪን የከሰሰው ሳይንስ በዛብህ ብሎ አይደለም። ሳይንስ አነሰህ ብሎ ነው። ጸሐፊው ሶሻሊዝም ሳይንስ ነኝ ማለቱ ሞራሉን ገደለው ሲሉ ነገሩን ገልብጠውታል፤ ሳይንስ ነኝ እያለ ሳይንስ የሚጠይቀውን አለማድረጉ ነው ሁለቱንም የጎዳው። ይህንንም ከውስጥ ሆነው የተናገሩ ነበሩ። ሮዛ ሉክሰምበርግ በ1918 እስር ቤት ሆና ስለ ሩሲያ አብዮት ስትጽፍ፣ ነጻነት ሁልጊዜ የተለየ ለሚያስብ ሰው የሚሆን ነጻነት ነው አለች። እሷም ሶሻሊስት ናት፣ በጥር 1919 የተገደለች።

ማርክስስ? ማርክስ ስለ ሞራል ሲወራ ያቅለሸልሸው ነበር። በ1864 የመጀመሪያው ኢንተርናሽናል፣ የሠራተኞች ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ሲመሠረት ስለ «መብትና ግዴታ»፣ ስለ «እውነት፣ ሞራልና ፍትሕ» ጥቂት ሐረግ እንዲያስገባ ተገደደ፤ ለኤንግልስ ሲጽፍለት ጉዳት በማያደርሱበት ቦታ ነው የሰካኋቸው አለው። በ1875 ደግሞ ፍትሐዊ ክፍፍል ምናምን የሚለው ንግግር ያረጀ የቃላት ቆሻሻ ነው አለ። ጸሐፊው እነዚህን ይዘው ቢመጡብኝ ከሊሴንኮ ይልቅ ያስቸግሩኝ ነበር።

ግን ገጹን አሳዩኝ ብለዋል። «ካፒታል»፣ ቅጽ አንድ፣ ስለ ሥራ ቀን ርዝመት የሚያወራው ምዕራፍ። በሰኔ 1863 መጨረሻ ለንደን ውስጥ የሞተች አንዲት የ20 ዓመት ልብስ ሰፊ አለች፤ ማርክስ ከጋዜጣ ላይ ነው ያገኛት። የምትሠራው ስም ባለው ቤት ነው። በአማካይ በቀን 16 ሰዓት ተኩል ትሠራለች፤ የግብዣ ወቅት ሲሆን 30 ሰዓት ያለ እረፍት። ጉልበታቸው ሲዝል ወይን ጠጅ ወይም ቡና ይሰጧቸዋል። የዚያን ሰሞን ከውጭ ለመጣችው አዲሷ የዌልስ ልዕልት ክብር የዳንስ ግብዣ ነበር፤ የመኳንንት ሚስቶች ቀሚስ በአንድ ጊዜ መድረስ ነበረበት። ልጅቷ ከሌሎች 60 ልጆች ጋር 26 ሰዓት ተኩል ሳታቋርጥ ሰፋች። 30 ሆነው በአንድ ክፍል፣ ክፍሉ ደግሞ ከሚያስፈልጋቸው አየር ሢሶውን ብቻ የሚይዝ። ማታ በጣውላ በተከፋፈለ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይተኛሉ። ዓርብ ዕለት ታመመች፣ እሑድ ሞተች።

ሳይንስ ለማድረግ ቁጥሮቹ ይበቁት ነበር፤ ሰዓቱ፣ የአየሩ መጠን፣ የሐኪሙ ምስክርነት። ማርክስ ግን አንድ ነገር ጨመረበት፤ ለንድፈ ሐሳቡ ምንም የማይጠቅም ነገር። ልጅቷ በእጇ የያዘችውን ቀሚስ ሳትጨርስ መሞቷ አሠሪዋን እመቤት በጣም እንዳስገረማቸው ጻፈ።